የጎን ሰንሰለቱ ለምን ይበጠሳል? ከኮምቦልቻና አካባቢው የትራክተር ሰዎች ክር

ክሩን (በአንድ ጥያቄ ሥር የተከታተሉትን መልሶች) የከፈተው ጽሑፍ የመጣው ከሀርቡ በኩል ነው። ሰውዬው ትራክተር አለው። ባለ ሶስት ዲስክ ማረሻ ጭኖ ጨፋ ሜዳ ላይ በኪራይ ያሳርሳል። ችግሩን በአጭሩ ነው ያስቀመጠው። ከትራክተሩ ኋላ ያሉት ሁለት የታች ክንዶች ወደ ግራና ቀኝ እንዳይወዛወዙ የሚይዛቸው የጎን ሰንሰለት ደጋግሞ ተበጠሰበት። ሰንሰለቱ ሲተርፍ የሚታሰርበት ብሎን ይቆረጣል። አሁን ደግሞ ብሶ የቀኙ ክንድ ራሱ ጎበጠ። የሚፈልገው ግልጽ ነው፤ ኮምቦልቻ ወይም ደሴ ውስጥ ወፍራም ሰንሰለትና የማይቆረጥ ብሎን የት ይገኛል? ለምን እንደሚበጠስ አልጠየቀም። መላሾቹ ግን ወዲያው ወደዚያው ሄዱ።

መልሶቹን ቃል በቃል አልገለብጥም። ግማሾቹ በስልክ፣ በጥድፊያ የተጻፉ ናቸው። በተራ ቁጥራቸው ላውጋችሁ።

መልስ 1። ኮምቦልቻ ውስጥ መለዋወጫ የሚሸጥ ሰው ነው። ሰላምታውን ካስረዘመ በኋላ ሶስት ነገር ጠየቀ። ትራክተሩ ምንድን ነው? የጎን መያዣው ሰንሰለት ነው ወይስ አንዱ በሌላው ውስጥ የሚገባ ባለ ፔርኖ (ቀዳዳ ውስጥ የሚገባ ማያያዣ ብረት) ዘንግ? የክንዱ ጫፍ ቀዳዳስ የ22 ነው የ28? ከሻጭ እንዲህ ያለ ጥያቄ መስማት ደስ ይላል። ብዙዎቹ ዋጋ ነው የሚያስቀድሙት።

መልስ 2። ጠያቂው ተመለሰ። ትራክተሩ ማሴይ ፈርጉሰን ነው፤ መያዣው ሰንሰለት ነው፤ የክንዱ ቀዳዳ 28 ሚሊ ሜትር ነው። የማረሻው ፔርኖ ግን 22 መሆኑን ጣል አድርጎ አለፈ። ያኔ ማንም ልብ አላላትም። ወደ ኋላ ላይ ትመጣለች።

መልስ 3። ይሄኛው ጃማ ላይ ስንዴ ማሳ የሚያርስ ሹፌር ነው። ጠያቂውን አያ እያለ፣ በትህትና ነው የጀመረው። ስለ ብረቱ ውፍረት አንድም ቃል አላነሳም። የጠየቀው ማሳው ጫፍ ላይ ሲደርሱ እንዴት እንደሚዞሩ ነው። ዲስኩ መሬት ውስጥ እያለ መሪ የሚጠመዝዝ ሹፌር ሰንሰለቱን በገዛ እጁ እየበጠሰው ነው ባይ ነው። ማረሻው ወደ ፊት ለመጎተት እንጂ ወደ ጎን ለመገፋት አልተሠራም። ትራክተሩ ሲዞር አፍንጫው ወደ አንድ ጎን ይሄዳል፣ ኋላው ደግሞ ወደ ሌላው። አፈሩ ዲስኩን አልለቅም ይላል። በመሃል ያ ሁሉ ጉልበት የሚያርፈው አንድ ሰንሰለትና አንድ ብሎን ላይ ነው። ዋልካ አፈር ሲሆን ደግሞ ይብሳል። ስለዚህ መጀመሪያ ማንሳት፣ ከዚያ መዞር፣ ቀጥ ካሉ በኋላ ማውረድ። ማረሻው መሬት ውስጥ እያለ ወደ ኋላ መሄድም ያው ነው ብሏል።

እኔ ብሆን ክሩን እዚህ ላይ ልዘጋው እችል ነበር። ዋናው ነገር ይሄ ነውና። ግን ጥሩው የመጣው ከዚህ በኋላ ነው።

መልስ 4። የሌላ ትራክተር ባለቤት ነው፣ ከከሚሴ። በመልስ 3 ሙሉ በሙሉ ይስማማል። ሹፌሩን ሳያሳውቅ ከዛፍ ጥላ ሥር ቆሞ እንደተመለከተውና ሰውየው አንድም ጊዜ ማረሻውን አንስቶ ሲዞር እንዳላየው ተርኳል። ሲያበቃ ሹፌሮችን ሁሉ በአንድ ላይ ጠቅልሎ ሰደባቸው።

መልስ 5። እዚህ ላይ ሞቅ አለ። ራሱም ሹፌር የሆነ ሰው ለመልስ 4 የጻፈው ነው። ሹፌር የሚከፈለው በጥማድ እንጂ በሰዓት አይደለም፤ ባለቤቱ በየግማሽ ሰዓቱ ስልክ እየደወለ ስንት ደረስክ ይላል፤ ቀጣዩ ገበሬ ማሳው ዳር ቆሞ ይጠብቃል፤ ናፍጣውም ተለክቶ ነው የሚሰጠው። በዚህ ላይ ቀስ ብለህ ዙር ማለት ቀልድ ነው ብሎታል። ከዛፍ ጥላ ሥር መቆሙንም ሳይነካ አላለፈውም። ነገሩ ስድብ ቢኖርበትም እውነት አለው። ክንድ የሚጎብጠው ማሳው ጫፍ ላይ ቢሆንም ምክንያቱ አንዳንዴ የክፍያው ውል ላይ ነው ያለው።

መልስ 6። ከዚህ ክር አንድ መልስ ብቻ አስቀምጥ ብባል ይሄን ነበር የማስቀምጠው። የጻፈው ቴክኒክ ያስተማረ ሰው ነው። የተናገረው ስለ አስተሳሰሩ ነው። ሰንሰለቱ ከፊት በኩል የሚታሰርበት ቦታና ክንዱ የሚዞርበት ፔርኖ ብዙ ትራክተር ላይ በአንድ መስመር አይገኙም። ስለዚህ ክንዱ ከፍና ዝቅ ሲል ሰንሰለቱ የሚጠይቀው ርዝመት ይለወጣል። አሠራሩ ሆን ተብሎ ነው። ሲያርስ ላላ ብሎ ማረሻው ትንሽ ወዲያ ወዲህ እንዲል፣ ሲነሳ ደግሞ ጠበቅ ብሎ ጭነቱ እንዳይወዛወዝ። አንድ ሰው ክንዱን መሬት ላይ አውርዶ ሰንሰለቱን ሙጭጭ አድርጎ ቢያጠብቀውስ? ሃይድሮሊኩን ሲያነሳ ሰንሰለቱ የሚሄድበት ርዝመት ያጣል። ሃይድሮሊክ ደግሞ አይለምንም። ወይ ሰንሰለቱ ይበጠሳል፣ ወይ ብሎኑ ይቆረጣል፣ ወይ ክንዱ ይጎብጣል። ጠያቂው ከዘረዘራቸው ሶስት ጉዳቶች ጋር አንድ በአንድ ይገጥማል።

መፍትሔውም ከዚያው ይወጣል። ማረሻውን ጭኖ ማንሳት፤ ሞተር ማጥፋት፤ ሰንሰለቱን በማጥበቂያው እዚያው ከፍ እንዳለ መለካት። ከዚያ ሲወርድ የክንዱ ጫፍ በየጎኑ ወደ 5 ሳንቲ ሜትር እንዲንቀሳቀስ መተው። ጎማውን እስካልነካ ድረስ ይህች ልቅነት ለማረሻ ታስፈልጋለች። የመድኃኒት መርጫና መዝሪያ ግን ወዲያ ወዲህ እንዲሉ አይፈለግም፤ ለእነሱ ጠበቅ ይደረጋል። በፒቲኦ (ከትራክተሩ ኋላ ጉልበት በሚያወጣው ተሽከርካሪ ዘንግ) የሚሽከረከር መፍጫ ማረሻም እንደዚያው። ያኔም ቢሆን መጀመሪያ በዝግታ አንስቶ፣ ሰንሰለቱ ከመጠን በላይ እንደማይወጠር አይቶ ነው ሥራ የሚጀመረው።

መልስ 7። አራሚ ነው። ሁሉም ትራክተር እንዲህ አይደለም ይላል። በሰንሰለት ፈንታ ባለ ፔርኖ ዘንግ ያላቸው አሉ። ዘንጉ ላይ ክብ ቀዳዳና ረዘም ያለ ቀዳዳ ይኖራል። ፔርኖው ክቡ ውስጥ ሲገባ ክንዱ ይቆለፋል፤ ረጅሙ ውስጥ ሲገባ ትንሽ ይንቀሳቀሳል። ሹፌር አስፋልት ላይ ለመሄድ ክቡን ተጠቅሞ ማሳ ሲገባ መቀየር ይረሳል። ያኔ መጎበጥ አይቀርም። መልስ 6ን ያረመው በጨዋ ቋንቋ ነው። መምህሩም አመስግኖት አለፈ።

መልስ 8። ጠያቂው መጀመሪያ ወዳነሳው ነገር የመለሰን ሰው ይሄ ነው፤ ስለ ወፍራም ብሎን። ጋራዥ አለው። የጎን ሰንሰለቱ ብሎን ቆጣሪ ላይ እንዳለ ፊውዝ ነው ብሎ ነው የጀመረው። ጉልበት ከልክ ሲያልፍ አንድ ነገር መሄዱ አይቀርም፤ ጥያቄው የቱ ይሂድ የሚለው ነው። ብሎኑ ከተቆረጠ በብሎን ዋጋ ይታለፋል። ብሎኑ አልቆረጥ ካለ ጉልበቱ ወደሚታሰርበት ይሄዳል። የሚታሰርበት ደግሞ የኋላ አክስሉ ቤት ነው። ያ ቤት ቀልጦ በቅርጽ የፈሰሰ ብረት ነው፤ አይጎብጥም፣ ይሰነጠቃል። ሲሰነጠቅ ዘይት ይፈሳል፣ ኋላው ሙሉ በሙሉ ይፈታል፣ ትራክተሩም የእርሻውን ወቅት ጋራዥ ቆሞ ያሳልፋል። እሱ ጋ የመጣ አንድ ትራክተር በትክክል እንዲህ ነበር። ባለቤቱ ብሎኑ ሲያስቸግረው ቶርኖ ቤት ሄዶ ቀዳዳውን አስፍቶ ወፍራም ፔርኖ አስገብቶበት ነበር። ወፍራሙ ፔርኖ እስከ ዛሬ ደህና ነው፤ የተሰነጠቀው ሌላው ነው።

በእኔ እምነት ጠያቂውን ያዳነው ይህ መልስ ነው። የማይቆረጥ ብሎን ፍለጋ ደሴ ድረስ ሊወጣ ነበር።

መልስ 9። ብሎን ሁሉ ፊውዝ ነው ተብሎ ደግሞ የተገኘው አይገባም ሲል ተከራከረ። የብሎኑ ራስ ላይ ቁጥር አለ። 8.8 የሚል ካለበት ጠንካራ ነው፣ 10.9 ከዚያም ይበልጣል፣ 4.6 ለአጥርና ለበር ነው። ከገበያ የሚገዛው ብዙ ጊዜ ምንም ቁጥር የለውም። ከፋብሪካው የመጣው የስንት እንደነበር አይቶ ያንኑ መመለስ፤ አለማሳነስ፣ አለማስበለጥ። መልስ 8 በዚህ ተስማማ። እንዲያውም ዳዶው ላልቶ የሚንቀጠቀጥ ብሎን ከደካማ ብሎን እኩል እንደሚቆረጥ ጨመረበት። አዲስ ከተገጠመ በኋላ ትንሽ ታርሶበት እንደገና መጠበቅ አለበት።

መልስ 10። አጭር ነው። በሰንሰለት ፈንታ ፌሮ በይዶ የሚሠራ ሰው እንዳለና በደንብ እንደሚይዝ ጻፈ። ማሰሪያው ላይ ፔርኖው እንዳይወጣ የሚይዘው ኮፒሊያ ሲጠፋ ሚስማር አጥፎ ማስገባትም ይበቃል አለ።

መልስ 11። በመልስ 10 ላይ የወረደ ነው። እዚህ አልደግመውም። ፍሬ ነገሩ ግን ትክክል ነው። ፌሮ አይተጣጠፍም፣ ርዝመቱም አይስተካከልም። መልስ 6 ያለውን ያነበበ ሰው ያንን ክንድ ላይ አይበይድም። የታጠፈ ሚስማርም ድንጋይ ላይ አንዴ ዘለል ሲል ይወጣል። ክንዱ ከማረሻው ተላቆ መሬት ሲወጋ ሹፌሩ ላይ ምን እንደሚደርስ አስቡት ይላል።

መልስ 12። ረስተናት የነበረችውን የ22 ፔርኖ ያነሳው እሱ ነው። የ28 ቀዳዳ ውስጥ የ22 ፔርኖ ሲገባ መሃል ላይ ክፍተት ይቀራል። ማረሻው በሄደ ቁጥር ያንኳኳል። ጉልበቱ ቀስ ብሎ መግፋቱን ትቶ እንደ መዶሻ ይመታል። ለዚህ ተብሎ የተሠራ ቡሽ የሚባል የብረት ቀለበት አለ፤ ፔርኖው ላይ ይሰካል፣ ክፍተቱን ይሞላል። ዋጋው ከአንድ ሰንሰለት አይበልጥም። ሻጩ ከመልስ 1 ብቅ ብሎ ሱቁ ውስጥ እንዳለው ተናገረ። ይህችን ማስታወቂያ ይቅር ብለነዋል።

መልስ 13። ከድንጋያማ ማሳ የጻፈ ነው፣ ከባቲ መንገድ። ሃይድሮሊኩ ላይ ሁለት ማንሻ አለ፤ አንዱ ቁመት የሚይዝ፣ ሌላው የጉተታ ጉልበት የሚሰማ። ሹፌሮች ቁመት የሚይዘውን ብቻ እንደሚነኩ ታዝቧል። ጉልበት የሚሰማው ሲሠራበት ማረሻው ከባድ ነገር ሲያገኝ ሃይድሮሊኩ ራሱ ትንሽ ያነሳዋል። ከድንጋይ ሙሉ በሙሉ አያድንም፤ ምቱን ግን ያቀለዋል።

መልስ 14። ስለ ዲስክ ማረሻው የኋላ ጎማ። ዲስክ አፈሩን ወደ ጎን ስለሚገለብጥ ማረሻው ራሱ ወደ ተቃራኒው ጎን ይገፋል። ያንን ግፊት እንዲሸከም የተሠራው ከኋላ ያለችው ትንሿ የብረት ጎማ ናት። ዛገችና አልዞር ያለች ወይም ማዕዘኗ የተበላሸ ከሆነ ግፊቱ በሙሉ ክንዶቹ ላይ ይመጣል። ምልክቱም ቀላል ነው፤ ቀጥ ብለህ እያረስክ ትራክተሩ ወደ አንድ ጎን ሲስብና መሪውን ይዘህ ስትታገል፣ አንዱ ሰንሰለት ሁልጊዜ ሲወጠር። ጠያቂው ወዲያው ጽፎ የሚወጠረው ሁሌ የቀኙ መሆኑን አረጋገጠ። የጎበጠውም የቀኙ ነው።

መልስ 15። ከዚህ በኋላ ክሩ ሸርተት አለ። አንዱ ቦርከና ወንዝ ዳር ጭቃ የያዘውን አይሱዙ በትራክተር ሲያወጡ ገመዱን አንዱ ክንድ ላይ እንዳሰሩትና ክንዱ እንደተጠመዘዘ አወጋ። አይሱዙው ወጣ፤ ትራክተሩ ቀረ። ሾፌሩ ሻይ እንኳ ሳይጋብዝ ነው የሄደው። ከጽሑፉ ሥር፣ ለመጎተት የተሠራው መሃል ያለው የታች መጎተቻ ብቻ መሆኑን ሶስት ሰው ደጋገመለት። ከሁለቱ ክንዶች በላይ መሃል ላይ ያለው ዘንግ ላይ ማሰር ደግሞ ከሁሉም የከፋ ነው። ትራክተሩ የፊት ጎማውን አንስቶ ወደ ኋላ ሊገለበጥ ይችላል፤ ይህን የጻፈው ሰው ቀልድ አልጨመረበትም።

መልስ 16። ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የሐረጎን ቁልቁለት ማረሻ ተሸክሞ ስለመውረድ። ማረሻው በየመታጠፊያው ሲወዛወዝ ኋላው ያለ መኪና ልቡ ይቆማል። ከመንገድ በፊት ሰንሰለቱን ጠበቅ ማድረግ፣ ማሳ ሲደርሱ ደግሞ መልቀቅ። ሁለተኛው ሲረሳ ወደ መልስ 6 ችግር ይመለሳል። ከዚያ ስለ ሐረጎ ጭጋግ ብዙ ተጻፈ፤ ዘለልኩት።

መልስ 17። ታሪክ የሚወድ ሰው ብቅ አለ። ይህን ማረሻን በሁለት የታች ክንድና በአንድ የላይ ዘንግ የሚይዝ የሶስት ነጥብ አያያዝ ለገበያ ያበቃው አየርላንዳዊው ሃሪ ፈርጉሰን መሆኑን፣ በ1936 ፈረንጅ አቆጣጠር በራሱ ትራክተር ላይ እንደወጣ፣ በ1938 ከሄንሪ ፎርድ ጋር በእጅ መጨባበጥ ተስማምተው በ1939 ፎርድ 9ኤን ላይ እንደገባ ዘረዘረ። ሰውየው በ1909 በአየርላንድ አውሮፕላን ሠርቶ እንደበረረም ጨመረ። ማሴይ ፈርጉሰን ላይ ያለው ስም የእሱ ነው።

መልስ 18። ታሪኩ የጎበጠ ክንድ አያቃናም ሲል በአንድ መስመር ተቆጣ። መልስ 17 ተናደደ፤ ሳያውቁ የያዙትን ዕቃ መስበር የመጣው ካለማንበብ ነው አለ። ሁለቱ ትንሽ ተመላለሱ። አንድ ሸምገል ያሉ ሰው ገብተው ሁለቱንም ልጆቼ ብለው አበረዷቸው። ሰላም ወረደ።

መልስ 19። እኚሁ ሸምጋይ ናቸው የቀጠሉት። ማረሻ ሲገጠም በትራክተሩና በማረሻው መሃል ቆሞ ሌላ ሰው ሃይድሮሊክ እንዲያነሳ ማዘዝ እንደማይገባ አሳሰቡ። የጎረቤታቸው ልጅ በዚህ ጣት አጥቷል። ክንዱ አልገጥም ካለ ትራክተሩን አስተካክሎ ማቆም እንጂ በእግር መግፋት አይደለም።

መልስ 20። ጠያቂው ሪፖርት ይዞ መጣ። ቡሹን ገዝቷል። የኋላ ጎማዋ ዝጋ ተጣብቃ ነበር፤ ተፈታ፣ ግራሶ ገባባት። ሰንሰለቱን ክንዱን አንስቶ ለክቶታል። ከሹፌሩ ጋርም ተነጋግሯል። ከእንግዲህ በሰዓት ሊከፍለው ተስማምተዋል። መልስ 5 ለዚህ አድናቆቱን ሲገልጽ መልስ 4 ግን ሹፌር በሰዓት ከተከፈለው ይተኛል ብሎ ተቃወመ። ይህ ክርክር እስካሁን አልተቋጨም።

መልስ 21። የቀረው የጎበጠው ክንድ ነበር። ጠያቂው ባለ እሳት ብየዳ ቤት ወስዶ አግሞ ሊያቀናው አስቧል። ጋራዥ ያለው የመልስ 8 ሰው ከለከለው። ክንዱ በፋብሪካ በእሳት የጠነከረ ብረት ነው። ቀይ እስኪሆን ሲሞቅ ያ ጥንካሬ ይጠፋል፤ ውሃ ውስጥ ቢነከር ደግሞ ይሰባበራል። ትንሽ ጉብጠት ከሆነ በቀዝቃዛው በፕሬስ (በኃይል በሚጫን ማሽን) ይቃናል፤ ከዚያ በኋላ ስንጥቅ እንዳለው በደንብ ይታያል። ብዙ ከጎበጠ መቀየር ነው። ሁለቱ ክንዶች እኩል ርዝመት ከሌላቸው ማረሻው ሁልጊዜ አግድም ይሄዳል፤ ሰንሰለቱም እንደገና መሰቃየት ይጀምራል።

መልስ 22። ማረሻ ሳይጫን ለገበያ ሲሄድ ክንዶቹ እየተወዛወዙ ጎማ እንደሚመቱ አንድ ሰው አስታወሰ። ሁለቱን አንስቶ በላስቲክ ማሰር ይበቃል።

መልስ 23። ኋላ ጎማ ውስጥ ውሃ ስለመሙላት ጠየቀ። ለዚያ ሌላ ክር ተከፍቶለታል።